ከወንድሜ ደም የጎደለው

ማጅራት ገትር ወንድሜን ሦስት ጊዜ ይዞታል። በእኛ አገር ይህን በሽታ የማያውቅ የለም። በበጋ፣ ነፋሱ አቧራ ማንሳት ሲጀምር ይመጣል፤ የሚወስደውን ይወስዳል፤ የተረፈው ሰው ዕድሜ ልኩን «እኔ እኮ ከማጅራት ገትር የተረፍኩ ነኝ» እያለ ይኖራል። ሁለቴ የተያዘ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሦስት ጊዜ ስል የሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ ተሳስተሽ ይሆናል ይሉኛል። አልተሳሳትኩም። ሁለቱን ጊዜ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያየሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ቤታችን ከሞላሌ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ያሳደጉን አባታችን ናቸው፤ ሁለት ልጆች፣ እኔ ታላቅ፣ እሱ ታናሽ። መጀመሪያ የታመመው ስምንተኛ ክፍል ሳለ ነው። እኔ ሞላሌ ቤት ተከራይቼ አሥረኛ ክፍል እማር ነበርና አባቴና ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጡት መንገድ ላይ ተቀበልኳቸው። አንገቱ ደርቋል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ እኔን አላወቀኝም። ያን ዓመት በሽታው በአካባቢው ገብቶ ስለነበር ማንም አልተገረመም። መርፌ ተወጋ፣ በአሥር ቀኑ ተነሳ፣ ምንም ጉዳት አልቀረበትም። አባቴ ለታቦቱ የተሳሉትን ሙክት አስገቡና ነገሩ በዚያው ተረሳ።

በኋላ የላቦራቶሪ ትምህርት ስማር ሰው «በወንድምሽ ምክንያት ነው?» ይለኝ ነበር። አይደለም። ውጤቴ ያደረሰኝ እዚያ ስለሆነ ነው። ተመርቄ መሐል ሜዳ ተመደብኩ፤ እሱም መምህር ሆኖ ቀየት አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ጀመረ። ድምፁ ትልቅ ነበር። እሱ ክፍል ውስጥ ሲያባዛ በውጭ የሚያልፈው ሰው አብሮት ያባዛል ይባል ነበር።

ሁለተኛው በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ በየካቲት መጣ። መምህራን ጓደኞቹ አይሱዙ ላይ ጭነው መሐል ሜዳ አደረሱት። ሐኪሙ ከጀርባው ፈሳሽ ቀድቶ ላከ። ይህ ፈሳሽ ጤናማ ሲሆን እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ የእሱ እንደ ሩዝ ውሃ ደፍርሶ ነበር። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። «ሌላ ሰው ይሥራው» አሉኝ፤ ሌላ ሰው ግን አልነበረም። ቀለሙን ቀባሁ፣ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ አየሁ። ባክቴሪያዎቹ ቀይ ሆነው፣ እንደ ባቄላ ክክ ሁለት ሁለት እየሆኑ ፊት ለፊት ተያይተዋል። የውጤት ወረቀቱ ላይ የገዛ ወንድሜን ስም ጻፍኩ፣ ከሥሩ ያየሁትን ጻፍኩ፣ ፈርሜ ለሐኪሙ ሰጠሁት።

በአምስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። አባቴ በራስጌው፣ እኔ በግርጌው ነበርን።

«ልጄ፣ እንዴት ነህ?» አሉት አባቴ።

የአባቴን አፍ አየ፣ ከዚያ የእኔን አየ። «ለምንድን ነው የምታንሾካሽኩት?» አለ፣ በጣም ጮክ ብሎ። «የባሰ ነገር ካለ ንገሩኝ።»

ሁለታችንም አላንሾካሾክንም ነበር።

ጆሮው አልተመለሰም። ሲያገግም ወደ ክፍሉ ተመልሶ ሞከረው። ይጽፋል፣ ያስረዳል፣ ልጆቹ ሲጠይቁ ግን አይሰማም፤ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንዳልገባው አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩና መዝገብ ቤት አዛወሩት። አንድ መንፈቅ ቆየና ልብሱን ጠቅልሎ አባቴ ቤት ገባ። የታጨችለት ልጅ ቤተሰቦችም ሽማግሌ ልከው፣ በጨዋ ደንብ፣ ነገሩን አፈረሱት። እሱም ከአባቴ ጋር ማረስ፣ በጎቹን ማየት ያዘ። በኮቱ ኪስ ደብተርና እስክሪብቶ ይይዛል፤ እኛ እንጽፍለታለን፣ እሱ በአፉ ይመልሳል። ራሱን ስለማይሰማ ድምፁ ከቀድሞውም በረታ። አባቴ ማንበብ ስለማይችሉ በእጅ በጭንቅላት ይግባባሉ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ነው የሚውሉት።

እኔ ግን ሁለት ጊዜ መያዙ አልዋጥልኝ አለ። የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅኩ። አንዱ «ዕድሉ ነው» አለኝ፣ ሌላው «የመጀመሪያው ማጅራት ገትር ላይሆን ይችላል» አለኝ። አንድ ቀን የኮሌጅ ደብተሬን አውጥቼ ሳገላብጥ ከአንድ ገጽ ያነሰ ጽሑፍ አገኘሁ። ርዕሱ ኮምፕሊመንት ይላል፤ በሽታ ስለሚከላከሉ የደም ፕሮቲኖች ነው። መምህራችን ያን ቀን «ፈተና ላይ አይመጣም፣ መኖሩን ብቻ እወቁ» ብለውን ነበር። ዘጠኝ ክብ ሠርቼ፣ በቀስት አያይዤ ትቼዋለሁ። ስልኬ ላይ ካለ አንድ መጽሐፍ ደግሞ እንዲህ የሚል ሐሳብ አነበብኩ፦ ይህ በሽታ የሚመላለስበት ሰው ኮምፕሊመንቱ ይመርመር። ለሁለት ቀን ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

በጥቅምት ይዤው አዲስ አበባ ሄድኩ። አባቴም «ልጄን ብቻውን አልለቅም» ብለው በርኖሳቸውን ደርበው ተከተሉን። ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን፣ በማግስቱ አዲስ አበባ። አንድ ባልደረባዬ የጠቆመችኝ ዶክተር ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ታሪኩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከባለቤትዎ ጋር የሥጋ ዝምድና ነበራችሁ?»

አባቴ ከወንበራቸው ተነሱ። «እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባ። ዘመዱን የሚያገባ ሰው መሰልኩዎ?»

«ለስድብ አይደለም አባቴ። ሁሉንም የምጠይቀው ነው። ሳይዛመዱም ይሆናል።»

አባቴ ተቀመጡ፤ ፊታቸው ግን አልተመለሰም።

ምርመራው የተሠራው በዶክተሯ ልመና አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እዚያ የሚሠራው ባለሙያ የሙያ ጓደኛው መሆኔን ሲያውቅ አጠገቡ ቆሜ እንዳይ ፈቀደልኝ። የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት ወሰደ። አንቲቦዲ የሚባለውን፣ ባዕድ ነገር ላይ የሚለጠፍ የሰውነት መከላከያ፣ አስቀድሞ ለጥፎባቸዋል። በአንዱ ቱቦ የጤነኛ ሰው የደም ውሃ፣ በሌላው የወንድሜን ጨመረበትና በሰውነት ሙቀት ልክ አቆያቸው። የጤነኛው ቱቦ የበጉን ሕዋሳት አፈነዳቸው፤ ውሃው ጥርት ያለ ቀይ ሆነ። የወንድሜ ቱቦ ውስጥ ሕዋሳቱ ምንም ሳይነኩ ወደ ታች ዘቀጡ፣ ከላይ ያለው ውሃ ቀለም ሳይዝ ቀረ። ባለሙያው ሥራው የተሳሳተ መስሎት እንደገና ሠራው። ያው ነው።

ውጭ አባቴ ጠበቁኝ። «ደሙን ምን አደረጉት?»

«ከበግ ደም ጋር ቀላቀሉት፣ አባዬ።»

«ከበግ ደም ጋር ምን አገናኘው?»

«የጤነኛ ሰው ደም የበጉን ያፈርሰዋል። የእሱ አላፈረሰውም።»

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግ ያረቡ ሰው ናቸው። «ታዲያ አለማፍረሱ ነው በሽታው?»

«አዎ።»

«እኔ አይገባኝም» አሉ። እንዲገባቸው አድርጌ ማስረዳት የምችልበት ቃል ያኔ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ከዘጠኙ የትኛው እንደጎደለ ለማወቅ ናሙናው ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። መልሱ በአራተኛ ወሩ መጣ። ስድስተኛው ነው። ዶክተሯ አስጠርተው ሁሉንም ዘርዝረው ነገሩኝ፤ መንገድ ላይ እንዳልረሳው እየደጋገምኩ ተመለስኩ።

ለወንድሜ የነገርኩት እሑድ ከቀትር በኋላ፣ አባቴ ቤት፣ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ካብ ሥር ተቀምጠን ነው። ደብተሩን ሰጠኝ። መጀመሪያ በምሳሌ ጀመርኩ፤ ደቦ ወጥተው አንዱ ሰው የቀረባቸው ገበሬዎች ምናምን ብዬ ጻፍኩ። አንብቦ ሰረዘው።

«እታለም፣ ምሳሌውን ተይው። እኔም አስተማሪ ነበርኩ። እንዳለ ጻፊልኝ።»

እንዳለ ጻፍኩለት። ደብተሩ አሁን እኔ ዘንድ ስላለ የጻፍኩትን ማየት እችላለሁ። «በደምህ ውሃ ውስጥ ፕሮቲኖች አሉ። ሕዋስ አይደሉም፤ በማይክሮስኮፕም አይታዩም። አብዛኞቹን የሚሠራው ጉበት ነው። የወል ስማቸው ኮምፕሊመንት ነው፤ ማሟያ ማለት ነው፤ አንቲቦዲ የጀመረውን ስለሚያሟሉ። ዋናዎቹ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር አላቸው። ሰው ጤነኛ ሲሆን ሥራ ሳይሠሩ ከደሙ ጋር ይዞራሉ። ባክቴሪያ ገብቶ አንቲቦዲ ሲለጠፍበት የመጀመሪያው እዚያ ያርፍና ይነቃል። የነቃው ተከታዩን ይቆርጣል፣ የተቆረጠው ነቅቶ ሌላውን ይቆርጣል። አንዱ የሚያነቃው አንድ ብቻ ስላልሆነ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ይሆናሉ። አንዳንዴ አንቲቦዲ ሳይኖርም በራሳቸው ይነሳሉ።»

ጮክ ብሎ አነበበው። አባቴ ከበሩ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር።

«የራሳችንን አካል ለምን አይነኩም?»

«የእኛ ሕዋሳት ቆዳቸው ላይ የሚያስቆማቸው ነገር አላቸው። ባክቴሪያው የለውም።»

«ቀጥይ።»

«ሦስተኛው ተቆርጦ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፋል። ነጭ የደም ሕዋሳት እሱን ይዘው ባክቴሪያውን ይውጡታል። ትንንሾቹ ቁራጮች ደግሞ ሌሎች ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ እብጠትና ትኩሳት ሲነሳ የእነሱም እጅ አለበት። መጨረሻ ላይ አምስተኛው ስድስተኛውን ይይዛል። ስድስተኛው ሰባተኛውን፣ ከዚያ ስምንተኛው ይመጣል፣ ከዚያ ብዙ ዘጠነኞች ተያይዘው ቱቦ ይሆናሉ። ቱቦው የባክቴሪያውን ቆዳ ይበሳል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ይፈነዳል። አንተ ስድስተኛው የለህም።»

አንብቦ ጨረሰ። «ሌላ በሽታ ለምን አልያዘኝም ታዲያ? ጉንፋን እንኳ ከሰው በላይ ይዞኝ አያውቅም።»

«ሌላውን ነጭ የደም ሕዋሳት ይበቁታል። ያንተን በሽታ የሚያመጣው ግን በመበሳት ነው በደንብ የሚሞተው።»

«ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ አሉኝ?»

«አሉ። የሚያያዙበት የላቸውም።»

«ከሌላ ሰው መውሰድስ?»

«ፕላዝማ፣ የሌላ ሰው የደም ውሃ፣ ቢሰጥህ በጥቂት ቀን ያልቃል። በየጊዜው መስጠት አይቻልም።»

«ስለዚህ የሚድን አይደለም» አለ። ይህን አልጻፍኩለትም ነበር። ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና በጎቹን ሊያስገባ ተነሳ።

ዶክተሯ ያዘዙት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የፔኒሲሊን ክኒን ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሳያቋርጥ። ሁለተኛው ክትባት ነው። በዘመቻ የተከተብነው አንዱን ዓይነት ጀርም ብቻ የሚከላከል ነበር፤ እሱን ሁለተኛ ጊዜ የያዘው ሌላ ዓይነት ነው። አራት ዓይነቱን በአንድ ላይ የሚከላከለው ክትባት ያስፈልገዋል። ክትባቱ የጎደለውን አይተካም፤ አንቲቦዲውን አብዝቶ ለነጭ የደም ሕዋሳት ያቀልላቸዋል እንጂ። ሁለት ጊዜ ይወጋል፣ ከዚያ በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል። ያን ክትባት ግን የጠየቅኩበት ቦታ ሁሉ የለም አለኝ።

የረዱኝ ከደጋው ገደል ጠርዝ በታች ካለ የቆላ ከተማ እየወጡ መሐል ሜዳ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ አንዲት ሙስሊም እናት ናቸው። ሐጅ አድርገው መመለሳቸውን አውቅ ነበር።

«ሐጃ፣ ሲሄዱ የማጅራት ገትር ክትባት ተወግተው ነበር?»

«ተወግቻለሁ፣ ልጄ። ያለዚያ አያሳልፉም። ቢጫ ወረቀትም ሰጥተውኛል። ምነው?»

ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ገበያ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። የክትባቱ ስም ተጽፎበታል፤ የምፈልገው ነው። አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት የሚሠራ የእህታቸው ልጅ ነበርና እሱን አስጨንቀው አንድ ጠርሙስ አስገኙልኝ። በበረዶ ዕቃ ይዤ መጣሁ፣ ነርስ ጓደኛዬ ወጋችው። ሁለተኛው ክትባት ደግሞ የሐጅ ወቅት ሲደርስ ይገኛል ተባለ።

ወቅቱ ሳይደርስ መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም፤ እዚህ አልገባበትም። ለእኔ የነበረው ትርጉም እንዲህ ነው፦ ሚኒባስ የለም፣ ስልክ ለሳምንታት ይጠፋል፣ መድኃኒት የሚጭን መኪና አይወጣም። ሐጃም ከቆላ መውጣት ተዉ። ለወንድሜ በየወሩ የምልከው ክኒን በከተማው ሁሉ እያለቀ ሄደ። በየመድኃኒት ቤቱ ዞሬ ያገኘሁት ለአንድ ወር እንኳ አይበቃም ነበር።

አባቴ ለገበያ ሲመጡ ክኒኑን ሰጠኋቸውና ወረቀት ጻፍኩለት። «መድኃኒቱ እያለቀ ነው። መንገድ እስኪከፈት በቀን አንድ ብቻ ውሰድ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ቀን እየዘለልክ አድርገው። ትኩሳት ከተሰማህ አንድ ሰዓት እንኳ ሳትቆይ ና።»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዶክተሯን ልጠይቅ ብል ስልክ አልነበረም። እዚያው ያሉትን ሐኪሞች ግን መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኩም። ከእነሱ በላይ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ስለዚህ አንድ በሽታ ደግሞ በእርግጥ ከእነሱ በላይ አንብቤ ነበር። አባቴ ወረቀቱን ተቀብለው አራት አጥፈው በርኖሳቸው ውስጥ ከተቱት።

በሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በቃሬዛ አመጡት። ትኩሳቱ የጀመረው ረቡዕ ነበር። ለአባቴ «ብርድ ነው» ብሏቸዋል። ሐሙስ ጭንቅላቱን ሲይዝ አይተው እንሂድ ሲሉት መንገዱን ፈርቶ ነው መሰለኝ እንቢ አለ፤ ለእሳቸው ፈርቶ። አርብ ወደቀ። ጎረቤት ጠርተው እየተቀያየሩ ተሸክመው፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድረው ደረሱ። የአባቴ እግር በጫማው ውስጥ ደምቶ ነበር።

ወንድሜን ሲገልጡት እግሩ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች አየሁ። ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። በሽታው ወደ ደሙ ገብቷል ማለት ነው። ያለው መርፌ ወዲያው ተሰጠው።

አወቀኝ። እንዳለፉት ጊዜያት ራሱን አልሳተም። «እታለም» አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብሎ ነበር። «ክኒኑን እንዳልሽኝ ነው የወሰድኩት። አላበላሸሁም።»

ከኮቱ ኪስ ደብተሩን አወጣሁ። «ጎበዝ። ደህና አድርገሃል» ብዬ ጻፍኩና ፊቱ ላይ ያዝኩለት። አነበበው። ራሱን ነቀነቀ።

ናሙናው ሲመጣ ተረኛዋ እኔ አልነበርኩም፤ ግን ተረኛው በመንገዱ ምክንያት ከሄደበት አልተመለሰም። ቀለሙን ቀባሁ፣ አየሁ። ሁለት ሁለት የሆኑት እንደገና አሉ። ነጭ የደም ሕዋሳትም ሞልተዋል፤ ተጠርተው መጥተዋል፣ ብዙዎቹ በውስጣቸው የዋጧቸውን ባክቴሪያዎች እስኪጠግቡ ይዘዋል። ይህን ሳይ ነው ያለቀስኩት። በወንድሜ አካል ውስጥ ያለው ሁሉ የተቻለውን እየሠራ ነበር። የሌለው ግን የለም። ያልተዋጡት በየቦታው ሙሉ ሆነው፣ ምንም ሳይበሱ፣ ተኝተዋል።

እሑድ ከቀትር በፊት አረፈ። ሰዎች ከቅዳሴ እየወጡ ነበር። መንደራችን ድረስ ይዘነው ለመሄድ አልቻልንምና የቀበርነው መሐል ሜዳ ነው። ከእናታችን ጎን ሳይቀበር መቅረቱ አባቴን ከሞቱ እኩል አቃጠላቸው።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን፣ እኔ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ።

«ይህ ስድስተኛው የምትሉት፣ ከእኔ ነው ከእናታችሁ የጎደለው?»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። «ከሁለታችሁም ነው፣ አባዬ። ሰው ሁሉ ሁለት ትዕዛዝ ይወርሳል፣ አንድ ከአባት፣ አንድ ከእናት። እናንተ አንድ አንድ ደህና፣ አንድ አንድ ብልሹ ነበራችሁ፤ ስለዚህ አልታመማችሁም። እሱ ሁለቱንም ብልሹውን ወረሰ።»

«አንቺስ?»

«አላውቅም።»

«ሳናውቅ ነው እንግዲህ የገደልነው» አሉ። አይደለም አልኳቸው። ማንም በዚህ አይከሰስም፣ ሰባት ቤት ቢቆጠር ሰባ፣ ይህን የሚያሳይ ቆጠራ የለም አልኳቸው። አልሰሙኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ስለ ልጃቸው አሟሟት ሲጠይቃቸው «ከእኛ ወርሶ ነው» ይላሉ። 

እኔ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ወረቀቱን ሞላሌን አልፈው ይዘው የሄዱት እሳቸው ናቸው፤ ምን እንደተጻፈበት አያውቁም። እኔ እንደጻፍኩት፣ ቀን እየዘለለ እንዲወስድ እንዳዘዝኩት አልነገርኳቸውም። ጥፋቱን በራሳቸውና በሞተች ሚስታቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ ዝም ብዬ አየኋቸው። እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ነው።

ስልክ ሲመለስ ለዶክተሯ ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ወረቀቱንም። «ክኒኑን በሙሉ ቢወስድም ላይከላከልለት ይችል ነበር፤ ባትቀንሺው ደግሞ በግማሹ ጊዜ ጨርሶ ያልቅበት ነበር» አሉኝ።

«ቢወስደውስ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«አይታወቅም፣ ልጄ።»

ለማጽናናት እንዳሉት ገብቶኛል። እኔ ግን ከዚህ የከበደ ቃል ሰምቼ አላውቅም። አዎ ቢሉኝ ጥፋቴን ይዤ እቀመጥ ነበር፤ አይደለም ቢሉኝ እተወው ነበር። አይታወቅም የሚለው ግን ማለዳ ጋውኔን ስለብስ ይጀምራል፣ ሥራ ላይም አይለቀኝም።

መንገዱ ሲከፈት ሐጃ ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ገበያ ተመለሱ። ሁለተኛውን ክትባት ማግኘት እንደሚቻል ሊነግሩኝ ቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጡት። ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። «ኢናሊላሂ» ብለው እጄን ያዙ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ብዙ ሰው ብዙ ብሎኛል፤ እሳቸው ዝም በማለታቸው አመሰግናቸዋለሁ።

ዶክተሯ አሁንም ይደውላሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ከአራት አንዳቸው እንደ ወንድሜ ሊሆኑ ስለሚችሉ ደሜን እንድሰጥ ይፈልጋሉ። ልክ ናቸው፤ እኔም በሽተኛ ብመክር ይህንኑ እል ነበር። ባለፈው ወር ሲደውሉ እመጣለሁ አልኳቸው። አልሄድኩም። ደህና ነሽ ቢሉኝ፣ ሁለታችን ከአንድ ማህፀን ወጥተን እኔ ብቻ ሙሉ ሆኜ መቅረቴን ለአባቴ መንገር አለብኝ። ጎድሎሻል ቢሉኝ ደግሞ የሚያስፈልገኝን ዘርዝሬ አውቀዋለሁ፤ የሚገኝበትንም የማይገኝበትንም አውቀዋለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ መቃብሩ ዘንድ እሄዳለሁ። አባቴ ሲመጡ አብረን እንሄዳለን። እሳቸው ድንጋዩን ያቃናሉ፣ እኔ ሣር እነቅላለሁ። ስንመለስ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ያወራሉ፣ እኔም አዎ አዎ እላለሁ።